በጉን የሰረቀው አባት

አባቴ ካረፉ በኋላ አራት ደብዳቤ ጽፈውልኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1979 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በመንግሥት ስኮላርሺፕ ቻይና ሄጄ፣ የሻንዶንግ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በሆነችው በጂናን የግድብና የመስኖ ምህንድስና እማር ነበር። አባቴ ፊደል አልቆጠሩም። ደብረ ብርሃን አብሯቸው የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ነበር እሳቸው እየነገሩት የሚጽፍላቸው፣ ከእኔ የሚመጣውንም የሚያነብላቸው። ስለዚህም በግንቦት 1979 ዓ.ም. ሲያርፉ በደብዳቤው ላይ የተለወጠ ነገር አልነበረም። ጽሕፈቱ ያው ነው። የጤናው ጥያቄ፣ የጎረቤቱ ሰላምታ፣ የዝናቡ ሁኔታ ሁሉም በየቦታው አለ። ሦስተኛው ላይ እንዲያውም ያመኝ የነበረው ጉልበቴ አሁን ተሽሎኛል ይላል። እኔም ደስ ብሎኝ፣ ጨርሶ ይተዋቸው ብዬ የቻይና ቅባት በሰው እጅ ላክሁላቸው።

ማረፋቸውን የሰማሁት በመስከረም 1981 ዓ.ም. ነው። ለጉዳይ ቤይጂንግ ሄጄ ሳለ አዲስ ከመጡት ተማሪዎች መካከል አንዱ የሰፈሬ ልጅ ሆኖ ተገኘ። ተቃቅፈን ገና ሳንላቀቅ «የአባትህን ነፍስ ይማር፤ እንግዲህ ምን ይደረጋል» አለኝ። ፊቴን አይቶ እጁን ወደ አፉ ሲወስድ አሁንም ድረስ ይታየኛል። ምስኪን፣ መርዶ ነጋሪ መሆኑን አላወቀም።

ባሕር ማዶ ላለ ልጅ መርዶ መደበቅ በእኛ ዘንድ የታወቀ ነው። ትምህርቱን እንዳያቋርጥ፣ አልቃሽ በሌለበት አገር ብቻውን እንዳይሰበር ተብሎ ነው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ሌሎች ሲደረግባቸውም አይቼ ደግ አደረጉ ብዬ አውቃለሁ። በራሴ ሲደርስ ግን በባቡር ሌሊቱን ሙሉ ወደ ጂናን ስመለስ ያለቀስሁት ለአባቴ አልነበረም፤ በወንድሜ ተናድጄ ነበር።

በዚያን ጊዜ ሐሙስ ሐሙስ ማታ አንድ ጡረታ የወጡ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ዘንድ እየሄድሁ የጥንቱን የቻይና ጽሑፍ እማር ነበር። ስማቸውን አልጠቅስም፤ ሁላችንም የምንጠራቸው «ላው ሺ» እያልን ነው። አስተማሪ ማለት ነው፤ «ላው» ደግሞ ለብቻው ሲቆም አሮጌ፣ ሽማግሌ ማለት ይሆናል። እዚያ አገር እርጅና ማዕርግ እንጂ ስድብ አልነበረም። ቤታቸው ሁለት ጠባብ ክፍል፣ በረንዳው ለክረምት በተከመረ ጥቅል ጎመን የተሞላ፣ ምድጃው እንደ ማር እንጀራ የተበሳሳ የከሰል ጡብ የሚበላ ነበር። ያን ሐሙስ ባለቤታቸው ያቀረቡልኝን ሾርባ ሳልነካው ቀረሁና ምን ሆንህ አሉኝ። ነገርኋቸው። «ወንድሜ አሥራ ስድስት ወር ዋሸኝ፤ በሞተ ሰው ስም እየፈረመ ዋሸኝ» አልሁ።

ላው ሺ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ በጋዜጣ የተለበጠ መጽሐፍ አነሡ። «ሉንዩ» ይባላል፤ ኮንፊሺየስ ከተማሪዎቹ ጋር የተነጋገረው ከሞተ በኋላ የተሰበሰበበት፣ ሃያ ምዕራፍ ያለው መጽሐፍ ነው። ገጹን ሳይፈልጉ ገለጡት። መጽሐፉ ራሱ እዚያ ላይ መከፈት የለመደ ይመስል ነበር።

ታሪኩ አጭር ነው። አንድ የደቡብ መስፍን ለኮንፊሺየስ በአገሬ እጅግ ቀጥተኛ ሰው አለ፣ አባቱ በግ ቢሰርቅ ልጁ ወጥቶ መሰከረበት ብሎ በኩራት ያወራዋል። ኮንፊሺየስ ግን በእኛ አገር ቀጥተኞቹ ሌላ ናቸው ብሎ ይመልሳል፤ አባት ለልጁ ይሸፍናል፣ ልጅም ለአባቱ ይሸፍናል፤ ቅንነቱም ያለው እዚያው ውስጥ ነው። ይኸው ነው። ከሁለት ሺህ አራት መቶ ዓመት በላይ የቻይና ሊቃውንት በዚህች ሲጨቃጨቁ ኖረዋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ233 የሞተው ሃን ፌ፣ የንጉሥን ሕግ ከሁሉ በላይ ያደርግ የነበረው ፈላስፋ፣ ይህን በመሰለ የበግ ሌባ ታሪክ ላይ ተንተርሶ ለአባቱ ታማኝ የሆነ ልጅ ለመንግሥቱ ከሃዲ ነው ወደሚል ድምዳሜ ደርሷል። አሳቡ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ዘመድ ለዘመድ እየሸፈነ የሚበላበትን ቢሮ ያየ ሰው ሁሉ ለሃን ፌ ቢያጨበጭብ አልፈርድበትም።

«ወንድምህ ሸፈነልህ እንጂ አልዋሸህም» አሉ ላው ሺ።

«የሸፈነው በግ አይደለም፤ አባቴን ነው» አልኋቸው። አልተጽናናሁም፤ የሰማሁትም እንደ ሽማግሌ ማባበያ ነበር። ያችን ገጽ ለምን በቃላቸው እንደሚያውቋት የገባኝ ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሰውየው ጥቂት ልበል። ኮንፊሺየስ (ቻይኖቹ ኮንግ ዙ ይሉታል) የተወለደው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ551፣ ዛሬ ሻንዶንግ በሚባለው ምድር በነበረች ሉ በተባለች ትንሽ መንግሥት ነው። አባቱ የሞተው ገና በሕፃንነቱ ነበር። በጎልማሳነቱ ጥቂት ጊዜ ተሾመ፤ ከዚያ ምክሬን የሚሰማ መስፍን አገኛለሁ ብሎ ለአሥራ አራት ዓመት ያህል ከግዛት ግዛት ዞረ፤ አላገኘም። ተመልሶ ተማሪ ሲያስተምር በ479 ሞተ። ዘመኑ መሳፍንቱ እርስ በርስ የሚባሉበት፣ ልጅ አባቱን ገድሎ ዙፋን የሚወጣበት ነበር። ስለ ወላጅና ስለ ልጅ ያን ያህል መናገሩ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ሰላም ያለው አገር ስለ ታዛዥነት ብዙ አያወራም።

ከትምህርቱ ሁሉ ላው ሺ አስቀድመው ያስተማሩኝ «ሺያው» የምትባለዋን ቃል ነው። አባትና እናትን ማክበር፣ መጦር፣ ከሞቱም በኋላ አለመርሳት፤ እነዚህ ሁሉ በአንድ ቃል ናቸው። በቻይንኛ ስትጻፍ ከላይ «ሽማግሌ» የሚለው ምልክት፣ ከታች «ልጅ» የሚለው አለ። ልጁ ሽማግሌውን አዝሎ ቆሟል ማለት ነው። ላው ሺ ብሩሹን ይዘው ሲጽፏት የታችኛውን ጭረት ሁልጊዜ ወፈር ያደርጉት ነበር። «እግሩ ካልጠና ሁለቱም ይወድቃሉ» ይሉኛል።

ሺያው ማብላት ብቻ እንዳይመስልህ አሉኝ። ኮንፊሺየስ በዚህ ነገር ላይ ምሬቱን ሳይደብቅ ነው የተናገረው፤ ውሻና ፈረስም ይቀለባሉ፣ አክብሮት ከሌለበት ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው ብሏል። ሌላ ጊዜ ሲጠየቅ ደግሞ አስቸጋሪው ሥራው ሳይሆን ፊት ነው አለ። አባትህ ለሦስተኛ ጊዜ ያንኑ ታሪክ ሲያወራህ ፊትህ ምን ይመስላል? እንግዲህ ፈተናው እሱ ነው። ይህን ስሰማ የአባቴ አንድ የጣሊያን ዘመን ወሬ ትዝ አለኝ። መቼ እንደሚያልቅ ስለማውቀው ከመሐል ተነሥቼ የወጣሁበትን ማታም አስታወስሁ።

እናትና አባትህ በሕይወት ሳሉ ሩቅ አትሂድ የሚልም ምክር አለ። የግድ ከሆነ ግን የምትሄድበት ቦታ የታወቀ ይሁን ይላል። ላው ሺ ይህን ሲያነቡልኝ ቀና ብለው አዩኝና ለመጽናኛ ያህል «ያንተስ አድራሻህ የታወቀ ነው» አሉ። ሁለታችንም ሳቅን። ከመርዶው በኋላ የሳቅሁት ያን ጊዜ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ሁሉ ማር ብቻ አድርጌ እንዳላቀርብ እፈራለሁ። ይኸው ትምህርት ሬት የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። በዩዋን ሥርወ መንግሥት ዘመን የተዘጋጀ፣ ሃያ አራት አርአያ ልጆችን የሚተርክ መጽሐፍ በሥዕል እየታተመ ለሕፃናት ሲሰጥ ኖሯል። በውስጡ ለእንጀራ እናቱ ዓሣ ለማግኘት ራቁቱን በረዶ ላይ የተኛ ልጅ አለ። እሱስ ይሁን። ሌላው ግን ጉዎ ጂዩ የተባለ ድሀ ነው፤ እናቱ ምግቧን ለልጅ ልጇ እያካፈለች ስለከሳች ሕፃኑን ከነነፍሱ ሊቀብረው ጉድጓድ ይቆፍራል። ልጅ ይተካል፣ እናት አትተካም ብሎ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ወርቅ ያገኛልና ሕፃኑ ይተርፋል። ታላቁ ደራሲ ሉ ሹን በልጅነቱ ይህን ሥዕል ካየ በኋላ አባቱ አርአያ ልጅ እንዳይሆን፣ ቤተሰቡም እንዳይደኸይ ይፈራ እንደነበር ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1918 ባወጣው «የእብድ ማስታወሻ» በተባለው ታሪኩ ደግሞ ያ ሁሉ የግብረ ገብ ጽሑፍ ሰው በላነትን የሸፈነ መጋረጃ ሆኖ ይታየዋል። በሴቶች ላይ የወረደውን አላነሣም፤ ሴት በልጅነቷ ለአባቷ፣ ስታገባ ለባሏ፣ ስትበልት ለልጇ ትታዘዝ የሚለው ደንብ አንድ ቀን እንኳ የራሷ ሰው እንድትሆን አይፈቅድላትም። የላው ሺ ባለቤት ይህ ሲነሣ ድስቱን ትንሽ ጮክ አድርገው ነበር የሚያስቀምጡት።

መንግሥትም ቢሆን ትምህርቱን ለራሱ እንዲመች አድርጎ ሰፋው። የሃን ንጉሠ ነገሥት ዉ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዓመት የኮንፊሺየስን መጻሕፍት የቤተ መንግሥት ትምህርት አደረጋቸው። በኋላም የመንግሥት ፈተና የሚሰጠው በእነሱ ሆነና እ.ኤ.አ. በ1905 እስኪቀር ድረስ የገበሬ ልጅ ሳይቀር ያችን መጽሐፍ በቃሉ ሸምድዶ ሹመት ይመኝ ነበር። አባቱን የሚያከብር ንጉሡን ያከብራል ነው ነገሩ። ሰውየው ራሱ ግን አባት ሲሳሳት ልጅ በትሕትና ይምከረው ማለቱ ይህን ያህል አይነገርለትም።

ወደ ሐዘኔ ልመለስ። ወላጁ ለሞተበት ልጅ የተደነገገው ሐዘን ሦስት ዓመት ነው፤ በተግባር ወደ ሃያ አምስት ወይም ሃያ ሰባት ወር ይወርዳል። ዛይ ዎ የተባለው ክርክር ወዳድ ተማሪ ይህ በዛ፣ አንድ ዓመት ይበቃል ብሎ መምህሩን ሞገተው። ኮንፊሺየስም ጥሩ ሩዝ ብትበላ፣ ሐር ብትለብስ ልብህ ያርፋል ወይ ብሎ ጠየቀው። ያርፋል አለ። ካረፈ አድርገው አለው። ተማሪው ከወጣ በኋላ ግን ልጅ ከወላጆቹ እቅፍ የሚወርደው ሦስት ዓመት ሲሞላው አይደለም ወይ፣ ይህ ሰው ይህን ፍቅር አላገኘም ወይ ብሎ አዘነ። ይህን ስማር የእኔ ጥያቄ ሌላ ነበር። አሥራ ስድስት ወር ሳላውቅ አለፈ። በዚያ አሥራ ስድስት ወር ውስጥ ጨፍሬአለሁ፣ ሰክሬአለሁ፣ ልደቴን አክብሬአለሁ። ሐዘኔ የሚቆጠረው ከሞቱበት ነው ከሰማሁበት?

ላው ሺ ለዚህም መልስ ነበራቸው፤ አስገረሙኝ። «ሊጂ» በተባለው የሥርዓት መጽሐፍ ውስጥ ርቆ ሳለ መርዶ ለደረሰው ሰው ብቻ የተጻፈ አንድ ሙሉ ምዕራፍ አለ። ወደ ሐዘን መሮጥ ማለት ነው ርእሱ። መርዶ ነጋሪው ሲደርስ መጀመሪያ አልቅስለት፤ ቀጥለህ እንዴት እንደሞቱ ጠይቅ፤ ደግመህ አልቅስ ይላል። ከዚያ ተነሥ። በቀን መቶ ሊ ትጓዛለህ፤ ሊ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ናት። ለሌላ ዘመድ ሌሊት መጓዝ አያስፈልግም፤ ለአባትና ለእናት ግን ንጋት ላይ ኮከብ ገና ሳይጠፋ ትነሣለህ፣ ማታ ኮከብ ሲወጣ ታርፋለህ። የአገርህ ድንበር ላይ ስትደርስ ታለቅሳለህ። ከተቀበሩ በኋላ ከደረስህ ደግሞ ወደ ቤት አትግባ፤ አስቀድመህ ወደ መቃብሩ ሂድ፣ ፊትህን ወደ ሰሜን አድርገህ ተቀመጥና ልቅሶህን ጨርስ።

ይህን ሁሉ መጽሐፍ ሳይገልጡ ነገሩኝ። ለሽማግሌ ሰው እንኳ ይህ ብዙ ነው ብዬ አሰብሁ። ለእኔ ግን አገር ቤት ለመሮጥ የአውሮፕላን ትኬት ያስፈልግ ነበር፤ ስኮላርሺፑ ደግሞ የሚከፍለው ስጨርስ ብቻ ነው። ኮከብ እያየሁ የምነሣበት መንገድ አልነበረኝም።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1990፣ ቻይኖች መቃብር በሚጠርጉበት በቺንግሚንግ ሰሞን፣ ላው ሺ ወደ ቹፉ ይዘውኝ ሄዱ። የኮንፊሺየስ አገር ናት። በባቡር እስከ ያንጆ፣ ከዚያ በአውቶቡስ። ሐዲዱ ቹፉ ያልገባው ድሮ የኮንግ ቤተሰብ የአያታችን አፅም እንዳይረበሽ ብለው ስለተቃወሙ ነው ይባላል። ቤተ መቅደሱ ፊት ለፊት ዘንዶ የተጠመጠመባቸው አሥር የድንጋይ ዓምዶች አሉት። እኔ ግን ዓይኔ የቀረው መቃብሩ ላይ ነው። ጫካው ሁለት መቶ ሄክታር ያህል ነው፤ የቤተሰቡ ሰዎች ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሲቀበሩበት ኖረዋል። ጥድ ነው፣ ጸጥታ ነው፣ ሣር የለበሰ ጉብታ ነው። በየመንገዱ የቆሙትን ሐውልቶች ጠጋ ብለህ ስታያቸው ግን ብዙዎቹ ተሰባብረው በሲሚንቶ የተጣበቁ ናቸው።

ይህ የሆነው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1966 ነው። የባህል አብዮቱ በተቀጣጠለ በወራት ውስጥ ከቤይጂንግ የመጡ ቀይ ዘቦች ከአገሬው ጋር ሆነው ቤተ መቅደሱን አረከሱ፣ የኮንፊሺየስን መቃብር ቆፈሩ፣ ሐውልቱን ሰበሩ። ሰባ ስድስተኛው የትውልዱ መስፍን አስከሬን እንኳ ከመቃብር ወጥቶ ተንገላታ። ላው ሺ ከአንዱ የተጣበቀ ሐውልት አጠገብ ቆመው ስንጥቁን በጣታቸው እየተከተሉ ማውራት ጀመሩ። እኔን አላዩኝም።

አባታቸው የገጠር መምህር ነበሩ። በልጅነታቸው ለዚያ ለመንግሥት ፈተና ሲያጠኑ፣ ዐሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላቸው ፈተናው ራሱ ቀረ። የሸመደዱትን ለመንደር ልጆች ሲያስተምሩ ኖሩ። ልጃቸውንም በስድስት ዓመቱ የበጉን ታሪክ በቃሉ አስያዙት። መሬት ሲከፋፈል ጥቂት ስለነበራቸው «ባለ መሬት» ተብለው ተመዘገቡ። በ1966 ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነበር። በዚያ ዓመት መስከረም ላይ ላው ሺ በሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ስብሰባ ተጠርተው ወረቀት ተሰጣቸው። አባትህ የድሮ መጽሐፍ ያስቀምጣል ወይ፣ የት ያስቀምጣል፣ ምን ይናገራል፤ ጻፍ ተባሉ።

«ሦስት ገጽ ጻፍሁ» አሉኝ። «መጽሐፎቹ ከእህሉ ጋን ሥር እንዳሉ ጻፍሁ። ማንም አልመታኝም። ልጆች ነበሩኝ፤ ፈራሁ፤ ጻፍሁ።»

መጽሐፎቹ ተቃጠሉ። ሽማግሌው የወረቀት ቆብ ደፍተው በመንደሩ ዞሩ። ክረምቱን አልዘለቁም። ልጃቸው ቀብር አልሄዱም፤ በወላጁ ላይ መስክሮ ሲያበቃ ሊያለቅስለት የሚሄድ ሰው ዳግመኛ ተጠያቂ ነው።

ከዚያ ዘወር አሉና «የእኔ አባት በግ እንኳ አልሰረቁም» አሉ።

ምን ይባላል? እኔ በ1970 ዓ.ም. በአንድ የቀበሌ አዳራሽ ልጅ አባቱን ለማጋለጥ እጁን ሲያወጣ ያየሁ ነኝና እንዴት ብዬ አልጠየቅሁም። እሳቸው ግን ሕጉን አጥንተውት ኖሯል፤ እንደ ሒሳብ ይዘረዝሩልኝ ጀመር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ66 የሃን ንጉሠ ነገሥት ለወላጁ የሸፈነ ልጅ አይቀጣ ብሎ አዋጅ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ653 የወጣው የታንግ ሕግ ደግሞ ወላጁን ለዳኛ የከሰሰ ልጅ ታንቆ ይሙት ይላል፤ ክሱ እውነት ቢሆንም። በንጉሡ ላይ የተነሣ ዐመፅ ሲሆን ግን መክሰስ ይፈቀዳል፤ መንግሥት መቼም ራሱን አይረሳም። «በድሮው ሕግ ስለጻፍሁ እታነቅ ነበር። በአዲሱ ባልጽፍ ምን እሆን እንደነበር አላውቅም» አሉና እንደ መሳቅ አሉ።

ያ ወደ ሐዘን መሮጥ የሚለውን ምዕራፍ ለምን በቃላቸው እንደያዙትም ያኔ ተገለጠልኝ። እ.ኤ.አ. በጥር 1979 የ«ባለ መሬት»ነት ስም ከብዙዎች ላይ እንዲነሣ መንግሥት ወሰነ። በዚያው ዓመት በቺንግሚንግ ቀን ላው ሺ መንደራቸው ሄዱ። ከሞቱ አሥራ ሁለት ዓመት አልፏል። መቃብሩ ለእርሻ ተደልድሎ የለም፤ ስንዴ በቅሎበታል። አንዲት አሮጊት ከጉድጓዱ ውሃ ወደ ምሥራቅ ይህን ያህል እርምጃ ነው ብለው አሳዩአቸው። «ስንዴው የማን እንደሆነ አላወቅሁም፤ እንዳልረግጠው እየተጠነቀቅሁ መሐሉ ላይ ተቀመጥሁ። ወደ ሰሜን ዞርሁ» አሉኝ።

ሲጨርሱ ደግሞ አንድ ነገር ጨመሩልኝ። ኮንፊሺየስ ራሱ የአባቱን መቃብር አያውቅም ነበር። እናቱ ስትሞት ከአባቱ ጋር ሊቀብራት ፈለገና ቦታው ጠፋው፤ ሬሳዋን መንገድ መገናኛ ላይ አሳርፎ አላፊ አግዳሚውን ሲጠይቅ አንዲት ሴት አመለከተችው። ይህን ታሪክ እንዲያ ያለ መምህር እንዴት አያውቅም ብለው የሚያፍሩበት ሊቃውንት አሉ። ላው ሺ ግን የሚወዱት በዚህ ነበር።

እሳቸው ካረፉ ቆይተዋል። ልጃቸው አልፎ አልፎ ይጽፍልኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2011 የኮንፊሺየስ ትልቅ ሐውልት በቲያናንመን አደባባይ ዳር መቆሙን፣ በሚያዝያ ደግሞ በሌሊት መነሣቱን የነገረኝ እሱ ነው። በ2013 ሐምሌ ተለይተው የሚኖሩ ልጆች ወላጆቻቸውን ቶሎ ቶሎ እንዲጠይቁ የሚያዝ ሕግ ሲጸና፣ አንድ ልጁ ካናዳ ስለሚኖር እንግዲህ ፖሊስ ልላክበት ነው ብሎ ቀለደ። እኔ ይበልጥ የተደነቅሁት ብዙ ሰው ልብ ባላለው በሌላው ነው። በ2012 የተሻሻለው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ፍርድ ቤት ምስክርን በግድ ሊያስቀርብ እንደሚችል ይደነግግና የተከሳሹን ባል ወይም ሚስት፣ ወላጆችና ልጆች ከዚህ ያወጣል። ምርመራ ላይ ምን እንደሚደረግ ሌላ ጉዳይ ነው። ቢሆንም የበጉ ባለቤት ልጅ ችሎት ቆሞ በአባቱ ላይ እንዲናገር አይገደድም። ላው ሺ ይህን ሳያነቡ ሞቱ።

እኔ አገሬ የገባሁት በነሐሴ 1982 ዓ.ም. ነው። ቦሌ የተቀበሉኝ ዘመዶች ሁሉ ፊታቸው ላይ ያን የተደበቀ መርዶ ይዘው ነበር። ማወቄን አያውቁም። ቤት ድንኳን ተጥሎ፣ አልቃሽ ተሰብስቦ ይጠብቀኛል። ወንድሜ ከሾፌሩ ጋር ፊት ተቀምጦ እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ ወደ ኋላ አልዞረም። ከተማው መግቢያ ላይ «ጋሼ፣ መጀመሪያ መቃብሩ ጋ ውሰዱኝ» አልሁት። ያኔ ዞረ። አንድም ቃል አልወጣውም፤ ለሾፌሩ በእጁ የቤተ ክርስቲያኑን መንገድ አሳየው።

ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው፤ ጉሙ ከባሕር ዛፉ ላይ አልተነሣም። ድንጋዩ ተራ ድንጋይ ነው፤ ስማቸው አለበት። ሰሜን በየት ነው አልሁት። ሩቅ አገር ቆይቼ አቅጣጫ የጠፋብኝ መስሎት በአገጩ አመለከተኝ። ርጥቡ ሣር ላይ ተቀመጥሁ። ወንድሜ ጥቂት ቆሞ አየኝና ለምን ብሎ ሳይጠይቅ ጋቢውን ሰብስቦ አጠገቤ፣ እኔ ወደዞርሁበት ዞሮ ተቀመጠ።

ብዙ ከቆየን በኋላ ከኮቱ ውስጥ በሲባጎ የታሰረ የደብዳቤ ጥቅል አወጣ። የቻይና ቴምብር አለባቸው። ለአባቴ የጻፍኋቸው ናቸው።

«በመጣ ቁጥር እዚህ እየመጣሁ አነበብሁላቸው» አለኝ።

አሁንም ልቆጣው ፈልጌ ነበር፤ ቁጣው ግን ከየት ይምጣ። «እሺ ሌላውስ ይሁን፤ ጉልበቴ ተሽሎኛል ብለህ የጻፍኸው ለምንድን ነው?»

«ጠይቀህ ነበራ» አለ። «ዝም ልበልህ?»